በሦስተኛው እሺ

እኔ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ባለቤቴ «አንቺ ተኝተሽ እንኳ እግርሽ ይሄዳል» ይለኛል። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ተረቱ ግን አልያዘኝም፣ ይኸው እስካሁን እያፈሰስኩ እለቅማለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዚያን ምሽት ነገር ሳወራ «ይህችን ሴትዮ ምን ያጣድፋታል?» እንዳልባል ነው። የሚያጣድፈኝ ሰዓት ነበር። እኛ በምንኖርበት በሬይኖልድስበርግ ልጆች በየበሩ እየዞሩ ከረሜላ የሚቀበሉት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር፣ ከምሽቱ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስምንት ተኩል ላይ ግሮቭፖርት፣ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ካርቶን መደርደር አለብኝ። በመሀል ሁለቱን ልጆቼን ለሚጠብቅልኝ ሰው ማድረስ አለ። በዚያ ላይ በረዶ ይጥል ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በኮቪዱ ዓመት ነው። ሴት ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚባለውን ነገር የምታውቀው በታብሌት ነው። ጠዋት ጠዋት ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ፣ አስተማሪዋ ስለ ዱባና ስለ ሃሎዊን ስታወራ አፏን ከፍታ ትሰማለች። አንድ ቀን «ማሚ፣ ስታንኳኪ እኮ ሰዎቹ በራቸውን ይከፍቱልሻል» አለችኝ። ከከረሜላው ይልቅ የገረማት የበሩ መከፈት ነው። ከመጋቢት ወዲህ ሰው በሩን ሲከፍትልን አላየችማ።

የቢራቢሮ ልብስ ገዛሁላት። ሃሎዊን ኦክቶበር ሠላሳ አንድ መሆኑን ዓለም ያውቃል፤ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ካላንደርም የሚለው ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ዋለ። እናቴ በጠዋት ከአዲስ አበባ ደውላ «ዛሬ ማርያም ናት፣ ቀኑን ታቅናልሽ» ብላኛለች። አመሻሹ ላይ የልጄን ክንፍ አስተካክዬ፣ ያኔ ሁለት ዓመት የሆነውን ወንድሟን በጋሪ እየገፋሁ ወጣን። መንገዱ ጭር ብሏል። በየደጁ የተቀመጡት የተፈለፈሉ ዱባዎች መሟሸሽ ጀምረዋል። ደጅ ላይ የበራ መብራት የለም። ሦስት በር አንኳኳን፣ ዝም። በአራተኛው ፒጃማ የለበሰ ሰውዬ ብቅ አለና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ልጄን አየ።

«ኦ፣ ሃኒ» አላት። «ትሪክ ኦር ትሪት እኮ ሐሙስ ነበር።»

ለካ በኮሎምበስና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ሃሎዊን ቅዳሜና እሑድን ተጠግቶ ከዋለ ልጆቹ የሚዞሩት ሐሙስ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን የሚያስታውቀው ከተማው ነው። ይህን ማን ይነግረኛል? ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። «የገና በዓል ቅዳሜ ከዋለ ሐሙስ እናድርገው ይባላል እንዴ?» እያልኩ ቤቴ እስክደርስ ከራሴ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ልጄ ግን አላለቀሰችም። ክንፏን ሳወልቅላት ቀና ብላ «ሁሉም ሰው ያውቃል? እኛ ብቻ ነን የማናውቀው?» አለችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳትና ቃል ገባሁላት። «የሚመጣው ዓመት ከረጢትሽ እስኪሞላ ነው የምንዞረው፤ እጅሽ ዝሎ 'ማሚ ያዥልኝ' እስክትዪኝ ድረስ። ማርያምን!»

ልጅ ቃል አይረሳም። በፋሲካ ጠየቀችኝ። ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ወቅት፣ ከገንዳ እየወጣች ጠየቀችኝ። «ዘንድሮ ቀኑን ታውቂዋለሽ አይደል?»

በሚቀጥለው ዓመት ካላንደር አላመንኩም። ገና በመስከረም፣ አብራኝ የምትሠራ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሴት አለች፣ ካርቶን እየተቀባበልን ሳለ ጠየቅኳት።

«ቤገርስ ናይትን ነው የምትዪው? ዘንድሮም ሐሙስ ነው» አለችኝ።

ደግማ እንድትነግረኝ ለመንኳት። እዚህ አካባቢ ስሙ እንደዚያ ነው አለች፤ የለማኞች ምሽት። እኔ ምን ገዶኝ ማለት ነበረብኝ። ግን እጅ መዘርጋት ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጭነት መኪና እየነዳ ቴክሳስ ለደረሰው ባለቤቴ ነገርኩት።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለኝ። «አንድ ከረጢት ከረሜላ ገዝተሽ አትሰጫትም? ልጄን በዚህ ብርድ ታስለምኛታለሽ?»

«ቃል ገብቻለሁ» አልኩት። «ደግሞ ልመና አይደለም፣ ባህላቸው ነው። ስርዓት ይዛ ከሄደች ማንም ለማኝ አይላትም።»

ስርዓት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ምሽቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፒከሪንግተን አዲስ ቤት የገቡ ሰዎች ለቤት ምርቃት ጠርተውን ነበር። የሰዎቹ ወለል ያንሸራትታል፣ ሶፋው ነጭ ነው። ልጄ ገና ጫማዋን እንዳወለቀች ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኬክ አየች። ማንም ብዪ ሳይላት አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጇ ይዛ ስትጎርስ የቤቱ እመቤት ደረሰች።

«ውይ እናቴ! እማዬ ምሳ ሳታበላሽ ነው እንዴ ያመጣችሽ?» ብላ ሳቀች። የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን በእሳት እንደተያዘ ነበር የሚያቃጥለኝ።

መኪና ውስጥ እንደገባን ፈነዳሁ። ሆዳም፣ ስግብግብ፣ ያላልኳት የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ዛሬ ባልተናገርኩት ኖሮ እላለሁ። ከዚያ ስበርድ ሕጉን አስረዳኋት። ሰው ቤት አንድ ነገር ሲሰጡሽ መጀመሪያ «ኖ ቴንክ ዩ» ትያለሽ። እንደገና ሲሉሽ እንደገና «ኖ ቴንክ ዩ»። በሦስተኛው «በሞቴ» ብለው ሲለምኑሽ፣ ያኔ በሁለት እጅሽ ትቀበያለሽ።

«ዋት ኢዝ በሞቴ?»

«'እኔ ልሙት፣ ውሰጂልኝ' ማለት ነው።»

«ይሞታሉ?»

«አይሞቱም። መውደዳቸውን ሲገልጹ ነው።»

ቤት ሄደን አለማመድኳት። እሷ የኩሽናውን ቁም ሳጥን ታንኳኳለች፣ እኔ በር ከፋች ሆኜ ብስኩት አቀርባለሁ። ኖ ቴንክ ዩ። ኧረ ትንሽ ብቻ! ኖ ቴንክ ዩ። በሞቴ! ይህን ጊዜ በሳቅ ትፈርሳለች፣ ሁለት እጇን ትዘረጋለች። ሦስት ዓመት የሞላው ወንድሟ ግን ገና «ኧረ» ሳልል ብስኩቱን ከእጄ ነጥቆ ይሮጣል። እሱን ተውኩት፣ ገና ሕፃን ነው። ጨዋታውን በጣም ስለወደደችው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳንጫወተው የዋልንበት ቀን አልነበረም። ኮራሁ። የፒከሪንግተኗ ሴትዮ አንድ ቀን ባየቻት ብዬ ተመኘሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስመለስ ዝናብ ነበር። ተኝቼ ስነሳ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለውጧል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ገና አልጨረሱም፣ ቢጫው ቅጠል ላይ ነጩ ተቆልሏል። ኦሃዮ እንዲህ ነው፤ በጋውን ሳትሰናበቺው ክረምቱ በሩን በርግዶ ይገባል። ተኝቼ ተነሳሁ አልኩ እንጂ ሁለት ሰዓትም አልተኛሁም። የሌሊት ሥራ ገድሎኛል። በሐምሌ ሱፐርቫይዘሬ አንድ ቀን «ወደ ቀን ሺፍት መዞር ትፈልጊያለሽ?» ብሎኝ ነበር። እኔም ለወጉ «ኢትስ ኦኬ፣ ችግር የለም» አልኩት። ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠው። መጀመሪያም ከልቡ አልነበረም ብዬ አኩርፌው ነበር፤ ያን ሐሙስም ገና አኩርፌው ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። ወንድ ልጄ ዳይኖሰር ነው፤ ልብሱ ወፍራምና ጸጉራም ስለሆነ እሱ ጣጣ የለውም። የልጄ ቢራቢሮ ግን ሻሽ የመሰለ ስስ ነገር ነው። ያለ ካፖርት አትወጪም አልኳት። ካፖርቱ ክንፉን ዋጠው። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አሁን እኮ ምንም አይደለሁም። ጃስት ኮት ነኝ!»

ሰዓቱን አየሁ። ስድስት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ። በሩ ኋላ ሥራ ቦታ የምለብሰው፣ የሚያንጸባርቅ መስመር ያለው አሮጌ ቢጫ ቬስቴ ተሰቅሏል። መኪና እንዲያያት ያህል ብዬ ካፖርቱ ላይ ደረብኩላት። ጉልበቷ ጋ ደረሰ። እሷ ግን መስታወቱን አየች፣ ከዚያ የሥራ ጓንቴን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ፎቶዬ ያለበትን አሮጌ ባጄን አንገቷ ላይ አጠለቀች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደኔ ግንባሯን ቋጥራ «ቶሎ! ቶሎ በሉ! እረፍዳለሁ!» አለች።

«ማንን ሆንሽ?» አልኳት፣ እያወቅኩ።

«አንቺን።»

እኛ ያለንበት አፓርታማ ግቢ ብዙም ሰው አይሰጥም፤ ስለዚህ ትንሽ ነድተን ትልልቅ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ሄድን። መንገዱ በልጆች ተሞልቷል፣ በየደጁ መብራቱ በርቷል። ሰዎች ጋራዣቸው አፍ ላይ ጠረጴዛ አውጥተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። አንዱ ሰውዬ ኮቪድ እፈራለሁ ብሎ ነው መሰለኝ ከረሜላውን በረጅም ቱቦ ይለቅቀዋል። አንዳንዶቹ ልጆች በዚያ በረዶ ክንዳቸው ራቁት ነው። እናቶቻቸውን ብቆጣ ደስ ባለኝ፤ ማን አባቷ ናት እንዳይሉኝ ተውኩት። አብራኝ የምትሠራዋ አስቀድማ መክራኛለች፤ ወላጅ በር ድረስ አይሄድም፣ ከእግረኛው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ልጄ የወንድሟን እጅ ይዛ፣ በሌላው እጇ ለከረጢት ያዘጋጀሁላትን የትራስ ልብስ አንጠልጥላ ወደ መጀመሪያው በር ሄደች። እሱም የራሱን ትራስ ልብስ በረዶው ላይ ይጎትታል።

እኔ እግሬን እያፈራረቅኩ ቆሜያለሁ። ስድስት ከአሥር። ስድስት ከሃያ። ካረፈድኩ ነጥብ ይያዝብኛል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ሥራ ያስወጣል፤ ስለዚህ በየደቂቃው ስልኬን አያለሁ። በረዶው ቅንድቤ ላይ ያርፋል። ከሩቅ የማየው ቢጫውን ቬስት ብቻ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ቦግ ይላል። በየበሩ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ረዘም አድርጋ እንደምትቆም አይቻለሁ። ሲያደንቋት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ምን አሉሽ?» እላታለሁ ስትመለስ።

«'ማንን ሆነሽ ነው?' አሉኝ። 'አይ አም ማይ ማም' አልኳቸው። ሳቁ።»

«ቴንክ ዩ አልሽ?»

«አልኩ።»

«ጎበዝ! ቀጥዪ፣ ቶሎ!»

አንዲት ሴትዮማ ከደጇ ላይ ሆና እጇን እያውለበለበች «ሺ ኢዝ ሶ ፖላይት!» ብላ ጮኸችልኝ። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት አለች። ልቤ በደስታ ተነፋ። የፒከሪንግተኗ ሴትዮ ነጭ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ትስማ አልኩ በሆዴ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ዳይኖሰሩ ደከመው፣ በረዶ ላይ ተቀመጠ፣ አልነሳም አለ። በቃ አልኩ። ተሸክሜው ወደ መኪናችን ሄድን። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ማሞቂያውን ለቀቅኩ፣ ልጆቹን ወንበራቸው ላይ አሰርኩ። የወንድ ልጄን ከረጢት ሳነሳው ክንዴን ወደ ታች ጎተተው። የሷን ሳነሳው ባዶ ጨርቅ ነው።

መብራት አብርቼ ውስጡን አየሁት። ሁለት ቸኮሌትና አንድ እርሳስ።

ደሜ ፈላ። ያን ያህል ሰዓት ዞራ! ትልልቆቹ ልጆች ናቸው፣ ጨለማ ውስጥ ዘርፈዋታል። አያያዟን አይተው ጭብጦዋን ቀሟት አልኩና ከመኪናው ዘልዬ ልወርድ በሩን ከፈትኩ።

«ማነው የወሰደብሽ? ንገሪኝ! ምን የለበሰ ነው?»

«ማንም።» ፈገግ አለች። ደስ ብሏታል፣ ጉንጯ በብርድ ቀልቷል። «አልሰገበገብኩም ማሚ። በሁሉም ቤት 'ኖ ቴንክ ዩ' አልኩ። እኔ አንድም አልረሳሁም።»

እግሬ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ 'ኦኬ ስዊቲ' ይላሉ። ለሱ ይሰጡታል።» ትንሽ አሰበች። «አንዷ ሴትዮ ብቻ ሁለተኛ ጠየቀችኝ። 'አር ዩ ሹር?' አለችኝ። 'ኖ ቴንክ ዩ' አልኩ። ሦስተኛውን ጠበቅኳት። ግን በሩን ዘጋችው።»

«እነዚህኞቹስ ሁለቱ?»

«ሰውየው ሳይጠይቀኝ ከረጢቴ ውስጥ ጣለው። እርሳሱንም።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ማሚ፣ ማንም እኮ በሞቴ አላለኝም።»

በየበሩ ረዘም አድርጋ የቆመችው ለካ ሦስተኛውን እየጠበቀች ነው። በረዶ እየወረደባት፣ የኔን ጓንት አድርጋ፣ የኔን ፎቶ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትጠብቃለች፤ እኔ ከመንገድ ዳር ቆሜ እኮራለሁ። ያኔ ሱፐርቫይዘሬ ትዝ አለኝ። «ቀን ሺፍት ትፈልጊያለሽ?» ኢትስ ኦኬ። ኦኬ። አላታለለኝም፣ አልናቀኝም፤ እምቢ ስል ሰማ፣ አመነኝ፣ በሩን ዘጋ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነው የኖርኩት። ይህንኑ አሁን በብስኩት እያባበልኩ ለልጄ አስተማርኩ። ራሴን ጠላሁት። በንዴት ብዙ ጊዜ ጦፌያለሁ፤ የዚያን ምሽት ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ሰባት ከሠላሳ አራት። ልጆቹን አድርሼ፣ በዚህ በረዶ ግሮቭፖርት ለመድረስ አሁኑኑ መነሳት አለብኝ። ወንድ ልጄ አንቀላፍቷል። ቁልፉን አዞርኩና ሞተሩን አጠፋሁት።

«ውረጂ» አልኳት። እሱን በጀርባዬ አዘልኩት። «እንደገና ነው የምንዞረው። አሁን ሲሰጡሽ ወዲያው እሺ በይ። ዛሬ ይቻላል።»

«ሰው ቤት አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን ይቻላል።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። የሁለት ሳምንት ልምምድ በአንድ ቃል አይጠፋም። የመጀመሪያው በር ላይ ቆማ፣ አንዲት ወጣት ሴት ሳህን ሙሉ ቸኮሌት ስትዘረጋላት፣ ልጄ ዞራ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረችና «ኖ ቴንክ ዩ» አለች። አፏ ለምዷል። ሴትዮዋ ሳህኑን ወደ ራሷ መለስ አደረገችው።

«በሞቴ!» ብዬ ጮህኩ።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ጀርባዬ ላይ ያለው ዳይኖሰር ነቃ። ልጄ ግን ሳቋ መጣ፣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ወሰደች።

መፍትሔው ይኸው ሆነ። ከዚያ በኋላ ወላጅ መንገድ ላይ ይቆማል የሚለውን ሕግ ጣልኩት። በረዶውን እየረገጥኩ ከኋላዋ እከተላለሁ። «ኖ ቴንክ ዩ» ትላለች፣ ከትከሻዋ በላይ «በሞቴ!» እላለሁ፣ ትወስዳለች። ወደ ቀጣዩ እንሮጣለን። በአሜሪካኖቹ ፋንታ እኔ እየሞትኩ ዘጠኝ ወይ አሥር ቤት ዞርን። ያቺ «ፖላይት ናት» ያለችን ሴትዮ ቤት ስንደርስ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ። የኛ ሰው አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው እሺ ነው አልኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እኮ ቸኮሌት አትወድም ብዬ ነው!» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ «ፕሊዝ» አለቻት። ደግማ «ፕሊዝ»። ደግማ «ፕሊዝ»። ልጄ እኔን ሳታይ ተቀበለች።

መብራቶቹ ግን እየጠፉ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን መንገዱ ዳር እስከ ዳር ጨለመ፤ እነዚህ ሰዎች ሰዓት ሲያከብሩ እንዲህ ነው። የትራስ ልብሱ ታችኛው ጥግ ብቻ ነው የሞላው። እስኪሞላ ብያታለሁ። ማርያምን ብዬ ምያለሁ። ከፊታችን ያለው ቤት መብራት ደረጃው ላይ ስንደርስ ድርግም አለ። መብራት የጠፋበት በር አይንኳኳም፣ ይህን አሁን አውቀዋለሁ።

አንኳኳሁ።

አንድ ሽማግሌ፣ እግራቸው ላይ ካልሲ ብቻ፣ በሩን ገርበብ አደረጉ። «ሰዓቱ አልፏል» አሉኝ።

«ፕሊዝ» አልኩ። እጄን ዘርግቼ እንደነበር ያወቅኩት በረዶ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ነው። «ለልጄ። አንድ ብቻ። እባክዎ።»

ሰውየው እኔን አዩ፣ ጀርባዬ ላይ ያለውን አዩ፣ ቬስት የለበሰችውን አዩ። ከረሜላው አልቋል አሉና ገቡ። ልንመለስ ስንል ከውስጥ የእግር ድምፅ ተሰማ፤ ሙዝ ይዘው መጡ። ልጄ ሙዙን አየች፣ እኔን አየች። ከአፌ «በሞቴ» እስኪወጣ አልጠበቀችም፤ በሁለት እጇ ተቀበለችና ከቸኮሌቱ ጋር ከረጢቷ ውስጥ አስገባችው።

መኪና ውስጥ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ትዳስሳለች። «አልሞላም አይደል?» አልኳት።

«አልሞላም» አለች። ልጅ አይዋሽም። ትንሽ ቆይታ «ግን ከብዶኛል» አለች።

ልጆቹን የሚጠብቁልኝ እኛው አፓርታማ ግቢ ያሉ ትልቅ ሴት ናቸው። ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ አርፍጃለሁ፣ እየመጣሁ ነው» አልኳቸው። «ቀስ ብለሽ ንጂ፣ በረዶ ነው፣ ሥራው የትም አይሄድም» አሉኝ። ሥራው እንኳ የትም ሊሄድ ይችላል፤ ነጥቡም እንደማይቀርልኝ አውቄዋለሁ። መሪውን በጣቴ እየደበደብኩ ነዳሁ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ሆዴ ሲጮህ ከኋላ ተሰማት መሰለኝ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«ማሚ፣ እንኪ።»

«አይ የኔ ቆንጆ፣ ያንቺ ነው። ብዪ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«አልፈልግም አልኩ እኮ። ጠግቤያለሁ።»

ወረቀቱ ሲቀደድ ሰማሁ።

«በሞቴ» አለች።

ቀይ መብራት ላይ ደርሼ ነበር፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። እንዲህ አይባልም ልላት፣ አንቺ አትሞቺም፣ እኔ ልቅደም ልላት ዞርኩ። ቢጫውን ቬስት ለብሳ፣ የኔን ፊት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የተላጠ ቸኮሌት በሁለት እጇ ይዛ ቀበቶዋ እስከፈቀደላት ድረስ ወደፊት ተዘርግታለች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። እኔ አፌን ከፍቼ፣ እጇ እስኪደርስ ጠበቅኳት።